ተጠራጣሪው ከመዘምራኑ መሐል ነው

የካምፓስ ክርስቲያን ኅብረቶች «ተጠራጣሪ ተማሪን እንዴት እንድረስ» ብለው ሲያሠለጥኑ በሐሳባቸው የሚስሉት ሰው አንድ ዓይነት ነው። የዳርዊንን ስም ይጠራል። ሁለት ሦስት የፍልስፍና ቃል ያውቃል። «እግዚአብሔር የለም» ብሎ ዶርም መሐል ቆሞ ይሞግታል። እንዲህ ያለ ተማሪ ጨርሶ የለም አልልም። ግን ጅማ ሂዱ፣ ሐዋሳ ሂዱ፣ ባሕር ዳር ሂዱ፤ እሱን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በ1999 ዓ.ም የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 43.5 ከመቶውን ኦርቶዶክስ፣ 34 ከመቶ የሚጠጋውን ሙስሊም፣ 18.5 ከመቶ ያህሉን ፕሮቴስታንት ብሎ መዝግቧል። የቀረውን ጥቂት ካቶሊኩ፣ የባህላዊ እምነት ተከታዩና «ሌላ» የተባለው ይካፈሉታል። እምነት የለኝም የሚል ሰው ቢኖር እንኳ የሚገባው «ሌላ» ውስጥ ነው።

ታዲያ ጥርጣሬ የለም ማለት ነው? አለ። በደንብ አለ። ግን የእኛ አገር ካምፓስ ተጠራጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ኅብረቱ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ነው። ፌሎ በሚባለው የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ኅብረት ላይ ኪቦርድ ይመታል። ወይም ግቢ ጉባኤ በሚባለው የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ጉባኤ ላይ ነጠላውን አጣፍቶ ከፊት ይቆማል። ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ማታ አልጋው ላይ ስልኩን ከፍቶ፣ ስሙን በደበቀበት የቴሌግራም ቻናል የሚጠይቀውን ግን ማንም አያውቅም።

ዝም የሚልበት ምክንያት ቀላል ነው። ብዙ የሚያጣው ነገር አለ። ከወለጋ ወይም ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ አንድ ሰው እንኳ በማያውቅበት ከተማ ሲመደብ፣ የመጀመሪያውን ቀን ሻንጣውን የተሸከሙለት የኅብረቱ ልጆች ናቸው። ሲታመም ሐኪም ቤት ያደረሱት፣ ብር ሲያጥረው ያበደሩት፣ ሀንዳውት የሰጡት እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ እናቱ አለች። «ልጄ እንዴት ነህ» ብላ ከጀመረች «ጸሎትህን እንዳትተው» ሳትል ስልክ አትዘጋም። እንዲህ ያለ ልጅ «እውነት ይህ ነገር ልክ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ ቤተሰቡን ለማጣት መቁረጥ ያለበት ይመስለዋል። ስለዚህ አይጠይቅም። ይዘምራል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1954 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ የሆነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥርጣሬ የአደባባይ ነገር ነበር። ተማሪው በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ ወጣ። ዋለልኝ መኮንን በ1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ አንሥቶ ጻፈ። ማርክሲዝም እየገባ ሲሄድ ሃይማኖት የባላባቱ መሣሪያ ነው የሚለው ክስ ካፌ ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚነገር ሆነ። ቤተ ክርስቲያኒቱ መሬት ነበራት፤ ክሱ ባዶ ሜዳ ላይ የተወረወረ አልነበረም።

የሚገርመው በዚያው ዘመን፣ በዚያው ትውልድ ውስጥ መንፈሳዊ መነቃቃትም ነበር። ኦርቶዶክሳውያኑ ተማሪዎች ሃይማኖተ አበው የሚባል ማኅበር ነበራቸው። የጴንጤቆስጤው እንቅስቃሴ ደግሞ በተማሪዎችና በወጣቶች ተቀጣጥሎ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንን ወለደ። በ1959 ዕውቅና ጠይቀው ተከለከሉ፤ በ1964 ደግሞ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ላይ ታሰሩ። አብዮቱም መነቃቃቱም ከአንድ ካፌ ወጡ ብል ብዙም አላጋነንኩም። የዚያን ጊዜው አማኝ ተማሪ ተቃዋሚውን በስም ያውቀዋል። አብሮት ይበላል። ክርክሩንም ሳይፈልግ ይሰማል።

ከ1966 በኋላ ግን ሁሉም ነገር ተቀየረ። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ከካፌ ወሬነት ወጥቶ የመንግሥት ትምህርት ሆነ። በሐምሌ 1971 ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ወር ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ጸሎት በየሰው ቤት፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሆነ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ውስጥ ብዙ የሚጠይቅ ሰው ያስፈራል። ጆሮ ጠቢ ሊሆን ይችላላ! የኔ ግምት ይህ ልማድ ከደርግ ጋር አብሮ አልሄደም ነው። ዛሬም አንድ ተማሪ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ሦስተኛ ጥያቄ ሲያነሣ መሪው ፊቱ ይለዋወጣል። ሌሎቹ ወደ ታች ያያሉ። አንዱ «በጸሎት እንያዘው» ይላል፤ ጥያቄው እዚያው ይቀበራል።

በ1983 የመጨረሻዎቹ ወራት ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ አስገባ። እዚያ አብረው ይጸልዩ የነበሩ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች በማግሥቱ ዓመት ለተቋቋመው ማኅበረ ቅዱሳን መነሻ ሆኑ። ወንጌላውያኑም ከተደበቁበት ወጡ፤ ኢቫሱ የሚባለው የወንጌላውያን ተማሪዎች ማኅበር ሥራ በየካምፓሱ ተዘረጋ። ያኔ ዩኒቨርሲቲው በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ የመንግሥቱ ብቻ ከ40 በላይ ነው። ግቢ ጉባኤውም ፌሎውም ከነሱ ጋር አብሮ አደገ። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ወገን በዋናነት የተገነቡት የመጣውን ልጅ ለመጠበቅ ነው። አንዱ «ወደ ፕሮቴስታንት እንዳይሄድብን» ይላል፤ ሌላው «ወደ ዓለም እንዳይመለስብን»። እዚያው ተቀምጦ ማመን ላቃተው ልጅ ወንበር አልተዘጋጀም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ ልምጣ። የሥልጠና ወረቀቶቻችን ላይ ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ዓለም በስድስት ቀን ተፈጠረች ወይ፣ ዳይኖሰር የት ገባ፣ ወዘተ። ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ይህን ሊጠይቅ ይችላል። ብዙውን እንቅልፍ የሚነሣው ግን ሌላ ነው።

ፍሬሽማን ሆኖ ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ ይወስዳል። ፋላሲ የሚባሉትን የአስተሳሰብ ስሕተቶች በስም በስማቸው ያጠናል። እሑድ ስብከት ላይ ይቀመጣል። «እገሌ ጸለየ፣ በሳምንቱ ሥራ አገኘ» ሲባል ይሰማል። ቀደም ብሎ የመጣ ሁሉ ምክንያት እንዳልሆነ ማክሰኞ ለፈተና ሸምድዶታል። «ይህን ቃል የተናገረው የእግዚአብሔር ሰው ነው፣ ስለዚህ አትጠይቁ» ሲባልም ይሰማል። ይህንንም ሸምድዶታል። ማርኩ ጥሩ ከሆነ ችግሩ ይብሳል።

ከዚያ ነቢያቱ አሉ። የሰው ስልክ ቁጥር በመንፈስ ተገለጠልኝ የሚሉ፣ ዘይትና ውኃ የሚሸጡ፣ በየዓመቱ መባቻ ለዓመቱ ስም የሚያወጡ። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ የስልክ ቁጥርን ባለቤት ስም የሚያሳየው ትሩኮለር የሚባል መተግበሪያ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የቤተ ሰቡን ስም ከፌስቡክ ማውጣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ያውቃል። መድረኩ ላይ የሚያየው ነገር ማታለል መሆኑን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ ማታለል መሆኑን አምኖ ሲናገር መስማት ነው። ሽማግሌው ዝም ሲል ልጁ ሒሳቡን ይሠራል፦ በስልክ ቁጥሩ ዋሽተው ዝም ካሉ፣ በትንሣኤው ላለመዋሸታቸው ምን ዋስትና አለኝ?

ይህ ጥያቄ ክብር ይገባዋል። «ለተቀባው አትናገር» ብሎ ማለፍ ወንጌልን ከቁማርተኛ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። በ2012 በአዋጅ የተቋቋመው የወንጌል አማኞች ካውንስል ሥርዓት ለማስያዝ ይሞክራል ይባላል። ካምፓስ ያለው መሪ ግን የካውንስል ውሳኔ መጠበቅ የለበትም። «ያ ሰውዬ ውሸታም ነው» ማለት ዛሬም ይችላል።

ሦስተኛውና ከባዱ የብሔር ነገር ነው። የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የልጅነቱ ማብቂያ ጦርነት ነው። ከትግራይ የመጣው ትምህርቱ ለዓመታት ተቋርጦበታል። ከወሎ የመጣው ተፈናቅሏል። ከወለጋ የመጣው የሚያውቀው ሰው ተገድሎበታል። ሁሉም ሰባኪ ነበራቸው። ጥር 2015 ላይ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ሲኖዶስ ውሳኔ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ ግቢ ውስጥ ያለው ልጅ በስልኩ ይከታተል ነበር። በየካቲት ስምምነት ተደረገ፤ በሐምሌ ደግሞ ትግራይ ውስጥ ሌላ ሹመት ተካሄደ። ፕሮቴስታንቱም ከዚህ ንጹሕ ነኝ አይበል። የአጥቢያ አመራር ምርጫ የብሔር ቆጠራ ሲመስል ያየ ያውቀዋል። «በክርስቶስ አይሁዳዊ የለም፣ የግሪክ ሰው የለም» የሚለውን ጥቅስ ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ተማሪው የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ታዲያ ጦርነቱ ሲመጣ የት ነበር?

አራተኛው ደግሞ የቆየ ነው። «ሁሉም የኔ ልክ ነው ይላል። እኔ ጅግጅጋ ብወለድ ኖሮ ሙስሊም እሆን ነበር። ታዲያ ዳኛው ማን ነው?» ይህን ከዩቲዩብ ያመጡት የሚመስላቸው አሉ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም አካባቢ ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ የሚባለው ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታው ውስጥ ያነሣው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ሐተታውን በእርግጥ የጻፈው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ ነው የሚሉም አሉ። ማንም ይጻፈው፣ ጥያቄው በግእዝ ተጽፎ በአገራችን ፍልስፍና ክፍል ሲጠና ኖሯል። ልጁ ባዕድ ነገር አላመጣም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የያዝነው መሣሪያ ምንድን ነው? አንዱ ትንሿ ቡክሌት ናት። ቢል ብራይት በ1951 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ግቢ የጀመረው የካምፓስ እንቅስቃሴ «አራቱ መንፈሳዊ ሕጎች» የምትለውን ቡክሌት በዓለም ሁሉ በተነ። በአማርኛም ብዙ ሰው እጅ ገብታለች። የመጀመሪያዋ ሕግ እግዚአብሔር ይወድሃል፣ ለሕይወትህም ድንቅ ዕቅድ አለው ትላለች። ለሚያምን ግን ለራቀ ሰው ጥሩ መነሻ ናት። ወንድሙ ለሞተበት ልጅ ግን «ድንቅ ዕቅድ» የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄው ነው።

ሌላው መሣሪያ ክርክር ነው። በዚህ ረገድ ቲክቶክ ላይቭ ሁላችንንም አዋርዶናል። ኦርቶዶክሱ ፕሮቴስታንቱን፣ ፕሮቴስታንቱ ኦርቶዶክሱን፣ ሁለቱም ሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም ሁለቱን። ስድብ አለ፣ ስጦታ አለ፣ ተመልካች አለ። ክርክርን አልጠላም። አገራችን «በላ ልበልሃ» ብላ ሙግትን ጥበብ ያደረገች አገር ናት። የድሮው ተሟጋች ግን የባላጋራውን ቃል በሥነ ሥርዓት መስማት ነበረበት፤ ከፊቱ ዳኛ ተቀምጧል። ላይቩ ላይ ዳኛ የለም። ተጠራጣሪው ልጅ ሁለቱንም አይቶ ስልኩን ያጠፋዋል። ያሸነፈውን አይቀላቀልም።

የአንድምታው ትምህርት ከዚህ የተሻለ ነገር ይዟል። አንድ ጥቅስ ይነበባል፣ ይተረጎማል፤ ቀጥሎ «አንድም» ተብሎ ሌላ ትርጓሜ ይመጣል፣ ከዚያም ሌላ። መምህሩ ሁለት ሐሳብ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ተማሪው እምነቱ አይፈርስም። ይህን የለመደ ቤተ ክርስቲያን ለምን ግቢ ጉባኤ ላይ ሲደርስ አንድ መልስ ብቻ ያለው ወረቀት እንደሚያድል አይገባኝም።

እሺ፣ ምን ይደረግ? እኔ የማምነው ሦስት ነገሮችን በተለያየ መንገድ መያዝ እንደሚያስፈልግ ነው።

ማስረጃ የሚጠይቅ ጥያቄ ማስረጃ ይሰጠው። ክርስትና በዚህ በኩል የሚያፍርበት ነገር የለም። ጳውሎስ «ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት» ብሎ ጽፏል። ይህ ራሱን ለፈተና ያቀረበ ሰው ንግግር ነው። አንደኛ ቆሮንቶስ የተጻፈው በ50ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው፤ ከስቅለቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ቢርቅ ነው። እዚያ ላይ አዩ የተባሉ ሰዎች ተዘርዝረዋል፤ ኬፋና ያዕቆብ በስም ተጠርተዋል፤ በአንድ ጊዜ አዩት ከተባሉት ከአምስት መቶ የሚበልጡ ወንድሞችም አብዛኞቹ እስካሁን በሕይወት አሉ ይላል። ኢየሱስ በጲላጦስ ዘመን መገደሉን ክርስቲያን ያልነበረው ሮማዊ ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስም መዝግቦታል። ይህ ሁሉ ትንሣኤውን እንደ ሒሳብ አያረጋግጥም። አያረጋግጥም ብሎ መናገርም ያስፈልጋል። ሎጂክ የተማረ ልጅ ከአቅሙ በላይ የተለጠጠ ማስረጃ ወዲያው ይሸተዋል፤ የቀረውንም ማመን ያቆማል።

የበደል ጥያቄ ደግሞ ኑዛዜ ነው የሚፈልገው። ስለ ሐሰተኛ ነቢይ፣ ስለ ብሔር፣ በጾታዋ ምክንያት ስለ ተገፋች እህት ሲነሣ «ፍጹም ሰው የለም» ብሎ መሸሽ የተለመደ ነው። ልጁ ፍጹም ሰው አልጠየቀም። ጥፋት ሲሠራ ጥፋት ነው የሚል አማኝ ነው የጠየቀው። እዚህ ላይ ከትግራይ፣ ከኦሮሚያና ከአማራ የመጡ ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በጦርነቱ የደረሰባቸውን ሳይጠላለፉ የሚነጋገሩበት ኅብረት ካለ፣ ከአሥር ኮንፈረንስ በላይ ወንጌል ሰብኳል ባይ ነኝ።

የሐዘን ጥያቄ መልስ አይፈልግም፤ ቢያንስ ወዲያው አይፈልግም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደህና ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ዕንባቆም «አቤቱ፥ እኔ ስጮኽ የማትሰማው እስከ መቼ ነው?» ብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብቷል፤ ማንም ከአገልግሎት አላገደውም። ይህን ክፍል ለፍሬሽማን ማስተማር ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው ኃጢአት እንዳልሆነ ከጥቅሱ ያየዋል።

መንገዱ ላይ ደግሞ ቀላልና የቆየ ነገር አለ። ከሦስት እስከ አምስት ሆኖ ማርቆስን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ። ማመን ግዴታ የለም፤ «ይህ አላሳመነኝም» ማለት ይፈቀዳል። ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በመንገድ ሲያገኘው በመጀመሪያ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ነው። ጃንደረባውም ጥያቄ ነበረው፤ ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል አለው። ውይይቱ ሠረገላ ላይ፣ ሁለት ሰው ሆነው፣ ጽሑፉ ፊታቸው ተዘርግቶ ነው የተካሄደው። ጉባኤ አልነበረም። ማይክ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ልክ አይሆንም። ዶርም የጋራ ነው። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም እዚያ ይተኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 እምነትን የመያዝና የመግለጽ ነፃነት ይሰጣል፤ ማስገደድንም ይከለክላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ኅብረቶቹ ከግቢ ውጭ ባሉ አጥቢያዎች የሚሰበሰቡት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሌሊት በ10 ሰዓት ዶርም ውስጥ ጮክ ብሎ የሚጸልይ ልጅ ድፍረቱን እየመሰከረ ይመስለዋል። አልጋው ላይ የነቃው ሌላው ልጅ የሚሰማው ግን የነገ ሚድ ኤግዛሙን ነው። ለተራበ ተማሪ ምሳ ጋብዞ ወዲያው ውሳኔ መጠየቅም አግባብ አይደለም። ምሳው ምሳ ይሁን።

ውጭ ያለው ወገናችን ጉዳዩን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዳላስ ያደጉ የሐበሻ ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ የሚገናኙት ተጠራጣሪ ዝም ያለ አይደለም፤ ብዙኃኑን ሊያክል የተቃረበ ነው። ፒው የጥናት ማዕከል በ2023 እና 2024 እ.ኤ.አ. ባደረገው ትልቅ ጥናት ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት አሜሪካውያን 46 ከመቶው ክርስቲያን ነን ሲሉ 43 ከመቶው ሃይማኖት የለንም ብለዋል። እዚያ ያለው ልጅ መጠራጠሩን ቢናገር ከጓደኞቹ የሚያጣው የለም። ችግሩ እቤት ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፤ ቄሱ ወይም ፓስተሩ የሚመልሱት በአማርኛ ነው፤ ያውም ለአባቱ። እናት «ልጄ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለ» ብላ ስታለቅስ ልጁ ምን ብሎ እንደጠየቀ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ላይኖር ይችላል። ከአገር ቤቱ ካምፓስ ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው። በሁለቱም ቦታ ጥያቄው መጨረሻ ላይ፣ ልጁ ልቡ ከወጣ በኋላ ነው የሚሰማው።

የመጨረሻው ነገር መሪዎች በግል የሚጠይቁኝ ነው። አንድ መዘምር መጥቶ «ማመን አቅቶኛል» ቢል ምን እናድርግ? ብዙ ቦታ የመጀመሪያው እርምጃ ከአገልግሎት ማውረድ ነው። ወሬው በሁለት ቀን ባቹን ያዳርሳል። ሌሎቹ ተጠራጣሪዎች ያዩና አፋቸውን በደንብ ይዘጋሉ። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። የማያምንበትን እንዲመራ አታስገድዱት፤ መድረኩን ራሱ ለጥቂት ጊዜ መተው ከፈለገ ይተው። ምክንያቱን ለማንም አትንገሩ። ከጥናቱ፣ ከቡናው፣ ከሽርሽሩ ግን አትነጥሉት። ከተመረቁት መሐል ራሱ በዚህ ያለፈ፣ «አላውቅም» ማለት የማይከብደው አንድ ሰው ፈልጋችሁ አገናኙት። ያ ሰው ደግሞ በየሳምንቱ «አሁንስ?» እያለ እንዳይጠይቀው አደራ በሉት።